ሦስቴ ተሽጣ ቤቷ ያደረችው ቀይ መኪና

መቀበል ያሳፍራል የሚል ሰው ሰጥቶ አያውቅም። እስቲ ልብ በሉ፤ የተቀበለ ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ይልና ዕቃውን አንስቶ ይሄዳል፣ በቃ። እንቅልፍ የሚያጣው የሰጠው ነው። ተወደደልኝ ወይስ ተጠላብኝ? ሳሎን ገባ ወይስ ጓዳ ተወረወረ? አክስቴ ለሰርጌ የሻይ ብርጭቆ ሰጥታኝ ነበር። ዛሬ ልጆቼ ወልደው እንኳ፣ ቤቴ በመጣች ቁጥር ከሰላምታ በፊት ዓይኗ ቁም ሳጥኑን ይፈትሻል። ከደርዘኑ የተረፈው አንድ ብቻ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንነጋገርም።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው እኔም በተራዬ ሰጪ ሆኜ ጉዴ ስለ ፈላ ነው። የሰጠሁት ደግሞ ብርጭቆ አይደለም፤ መኪና ነው። ያውም የስፖርት መኪና። ያውም በዓለም ላይ ብርቅ ናት የተባለች! "አንድ የአርባ ምንጭ ሴቻ ጡረተኛ የስፖርት መኪና ከየት አባቱ አመጣ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ባትሉ ነበር የሚገርመኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሀብታም ፈረንጅ ሾፌር ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ይህችን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ ብሎ ቁልፏን ሰጣቸውና በዚያው ቀረ። አጎቴም በሸራ ሸፍነው እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቋት ኖሩ፤ ልጅ ስላልነበራቸው ሲሞቱ ለእኔ ተናዘዙልኝ። ሰው መሬት ይወርሳል፣ ሰው በሬ ይወርሳል፤ እኔ ሁለት ወንበር ወረስኩ። ሁለት ብቻ! ከኋላ ዘንቢል የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የላትም። አዲስ አበባ ሙዝ አራግፎ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ላይ፣ የሙዝ ቅጠል ተነጥፎላት፣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና አርባ ምንጭ ገባች።

ቀይ ናት። መልኳን ያየ ሁሉ አፉን ይይዛል። ችግሯ ቁመቷ ነው፤ ከመሬት እምብዛም አትርቅም። ሲነዷት ቁጭ ተብሎ ሳይሆን ተጋድሞ ነው፣ ጉልበት ከአገጭ ጋር እየተሳሳመ። ከተማችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሴቻ ላይ ናት፣ ሲቀላ ታች ናት፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ዳገት ነው። ቀይዋ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስትወርድ ንግሥት ናት። ስትመለስም ንግሥት ናት፤ በሰው ትከሻ ነዋ የምትመጣው! ኮብልስቶኑ ሆዷን ይፍቃታል። የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ከወጣች በኋላ ከፊትም ከኋላም ጎማዋ አየር ላይ ቀርቶ ስትንሳፈፍ የባጃጅ ሾፌሮች መጥተው፣ ጋሼ፣ እንደ ጀልባ ይቀዝፏታል እንዴ እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ጊዜ ከጫካ የመጣ ከርከሮ በሯ ላይ የራሱን መልክ አይቶ ሊዋጋት ቃጥቶታል። እሱ እንኳ ከእሷ ይረዝም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጫሞ ላይ አዞ ሊያይ የመጣ ቱሪስት በበራችን ሲያልፍ አያትና ተንበረከከ። ጎረቤቶቼ የሚጸልይ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰውየው ለካ ሆዷን ሊያይ ነው። ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አብሮት የነበረው አስጎብኚ እንደተረጎመልኝ ከሆነ፣ የእሷ ዓይነት በዓለም ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በእሱ አገር ሰው በመስታወት ከልሎ ያያታል እንጂ አይነዳትም። እኔም ብዙ አልነዳትም አልኩት። ሰውየው እጄን ጨብጦ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ አለኝ።

አይ ምላስ! ከዚያ ቀን ወዲያ ጡረተኛነቴ ቀርቶ ቅርስ ጠባቂ ሆንኩ። ቅርስ ደግሞ ሜዳ ላይ አያድርም። ግቢያችን ውስጥ የራሷ በር ያላት አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረችን፤ የፊት ግድግዳዋን አፈረስኩና ሰፊ የቆርቆሮ በር ገጥሜ መኪናዋን አስገባኋት። ባለቤቴ አስቴር ከገበያ ስትመለስ የፈረሰውን ግድግዳ አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች፤ ምንም አላለችም። ትዳር ያላችሁ ሰዎች "ምንም አላለችም" ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋችሁም።

ያላለችውን ያለችው ባለፈው በልግ ነው። እናቷ እማማ ሻሼ የሚኖሩት ኦቾሎ ነው፤ ከአባያ በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ፣ ጉሙ በር ድረስ መጥቶ እንደ ጎረቤት ደህና አደራችሁ በሚልበት ቦታ። ጥጥ ፈታይ ናቸው። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስመ ጥር ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ሲፈትሉ ባላቸው ሲሸምኑ ዕድሜያቸውን ጨረሱ፤ ሞት መጣና አንዱን ወሰደ። እማማ በዚያ በልግ ዝናብ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ጉልበታቸው ተጎዳ። ወሬው ሴቻ ሲደርስ አስቴር እህል አልቀምስም አለች። እናቴ አንድ ቀን ገደል ገብታ ትቀራለች፤ አጠገቤ ካላመጣኋት እንቅልፍ የለኝም ብላ አለቀሰች። እማማ ተጠርተው ሲጠየቁ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ "እሺ" አሉ። ግን ደግሞ የራሴ በር ካለኝ ነው፣ በአማች በር ገብቼ በአማች በር አልወጣም አሉ።

ስለዚች "እሺ" ላንሳና ልለፍ። የደጋ ሽማግሌ "እሺ" ሲል ተስማማ ብላችሁ አትደሰቱ። "እሺ" ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው። ይህን የማውቅ ሰው ያን ጊዜ ግን ምን ነክቶኝ እንደ ሆነ አላውቅም፣ እንደ አስቴር ተደሰትኩ።

የራሱ በር ያለው ክፍል ያለን አንድ ነው፤ በውስጡ ያለችውም አንዲት ናት። አስቴርም አፏን ሞልታ ተናገረች፦ ወይ መኪናህ ወይ እናቴ!

ሸጠሃት አትገላገልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬ ነበር እኮ! አንዱ መጣና ሞተሯን ነቅሎ የመስኖ ውሃ ሊስብበት ፈለገ። አንዱ ደግሞ ወንበሮቿን ለፀጉር ቤቱ አማረ። ፈረንጅ የተንበረከከላትን መኪና ለፂም መላጫ ልስጣት? ምን ቆርጦኝ! ቱሪስቱም የሚገዛት ሰው አፈላልጌ እጽፍልሃለሁ ብሎ እንደ ሄደ ነው። እንዲህ ግራ ገብቶኝ ስብሰለሰል ነው አንድ ትልቅ ሐሳብ የመጣልኝ። መሸጥ ውርደት ከሆነ ለምን አልሰጣትም? ሲቀላ ጫፍ ላይ ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አለ። የኦርቶዶክሱም የጴንጤውም ሰው ተባብሮ ነው የሚያቆመው። የወጥ ቤቱን ጣሪያ ንፋስ ገንጥሎት ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነበር። መኪናዋ ለበጎ አድራጎት፣ ክፍሉ ለእማማ፣ ስሙ ለእኔ። እንዴት ያለ ስሌት ነው! ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የቤቱ ኃላፊ ሲስተር ብርሃኔ ናቸው፤ በነርስነት አርጅተው ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ሰው ማዘዝ ያልተዉ ሴት። መኪና ልሰጥ ነው ስላቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ በሽተኛ የምናመላልስበት ስንለምን ነበር አሉ። መኪናዋን ሲያዩ እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ። በሽተኛ ተጋድሞ ይገባባታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጤነኛውም ተጋድሞ ነው የሚገባው አልኳቸው። ውሃ በጀሪካን ትጭናለች ወይ? አትጭንም። ደግነቱ አባባ ቶማስ፣ ከቤቱ አረጋውያን ዕድሜ የጠገቡት፣ እኔ ልሞክራት ብለው ተነሱ። እንደ ምንም ብለን አስገባናቸው። መግባቱስ ገቡ፤ መውጣቱ ነው ጉዱ! ክንዳቸውን ስንስብ ወገባቸው፣ ወገባቸውን ስንይዝ እግራቸው ይቀራል። እሳቸው ሆዬ መሪውን ጨብጠው እየሳቁ፣ ተዉኝ፣ ከዚህ ወዲያ የት እደርሳለሁ ይላሉ። በመጨረሻ በነጠላ አስረን እንደ ጥጃ ጎትተን አወጣናቸው።

ሲስተር ብርሃኔ ላባቸውን ጠርገው፣ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ግን ይህች መኪና ወይ ወጣት ወይ ጨረታ ነው የሚያስፈልጋት አሉ። ወጣት የለንም፤ ስለዚህ ጨረታ ተባለ።

ጨረታ ስል የመሥሪያ ቤት ጨረታ እንዳይመስላችሁ። የእኛ የበጎ አድራጎት ጨረታ የራሱ ሕግ አለው። አንድ ሰው ጃንጥላ ይሰጣል እንበል። ሰዉ ይጫረታል፣ አንዱ ያሸንፋል። አሸናፊው ከፍሎ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም፣ ማንም ግን ስሙን አያነሳም። ብድግ ብሎ "መልሼ ሰጥቻለሁ!" ያለ እንደ ሆነ እልልታው ይቀልጣል፣ ጃንጥላውም እንደ አዲስ ለጨረታ ይቀርባል። እንዲህ እያለች አንዲት ጃንጥላ ቤተ ክርስቲያን ስትሠራ አይቻለሁ፤ ዝናብ አንድም ቀን ሳይነካት። ይህን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታዲያ መኪናዬን ለጨረታ ስሰጥ እንዴት ጠፋብኝ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

የጨረታው ቀን ደረሰ። አስቴር አልጋ ገዝታ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አቁማዋለች፤ መኪናዋ ስትወጣ እሱ ሊገባ። እማማ ሻሼንም ከኦቾሎ አስወርዳቸዋለች። እማማ የወደፊት ክፍላቸውን ገብተው አዩ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ መኪናዋን ዞር ብለው አዩ። እንዴት ነው ስትላቸው፣ "እሺ" አሉ።

ጠዋት መኪናዋን አጠብኳት። ዳግም ላላያት ነውና በቅባትም አሸኋት። አስቴር ይህን ያህል እኔን አጥበኸኝ ታውቃለህ ወይ እንዳትለኝ ፈርቼ ቶሎ ጨረስኩ። ቁልቁለቱን በግርማ ሞገስ ወረድን፤ እኔ ንጉሥ፣ እሷ ንግሥት። አረጋውያኑ ግቢ ስንደርስ ሰዉ በእልልታ ተቀበለን። ሲስተር ብርሃኔ ስሜን ጠርተው ቸር ሰው አሉኝ። አቤት፣ መስጠት እንዴት ይጣፍጣል! ለዚያች ለአንዲት ሰዓት፣ አልዋሻችሁም፣ ከወንበሬ ከፍ ብዬ ነበር።

አጫራቹ ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ። ሲቀላ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የሚዘምሩት ያለ ማይክ ነው። መኪናዋን እንደ በሬ ዳሌዋን በጥፊ እየመቱ፣ ይህችን የመሰለች ቀይ፣ ይህችን የመሰለች እልል የምታሰኝ እያሉ አሞገሷት። ለካ እወዳት ኖሯል! እንባዬ መጣ። ፀሐዩ ነው፣ ላቡ ነው እያልኩ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። እያረረ ይስቃል ማሽላ ነውና አጠገቤ ላለው ሁሉ ጥርሴን አሳየሁ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። እማማ ሻሼ ግን ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዩኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጥሪ የጠራው አቶ ማሴቦ ነው፤ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ። ብር ሳይሆን ሙዝ ጠራ፤ ተሽጦ ለጣሪያው የሚሆን አንድ አይሱዙ ሙሉ። ሌላው ጨመረ፣ እሱም ጨመረ፣ አሸነፈ። ልቤ ዘለለ፤ ሄደች፣ አለቀላት! አቶ ማሴቦ መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ሆዱን ዳበሰ፣ በሯን ከፈተ፣ እግሩን አስገባ፣ ሆዱ አልገባ አለ። እግሩን መልሶ አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለአረጋውያኑ ስል መልሼ ሰጥቻለሁ! አለ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የሰውን ቸርነት ተመልከቱ!

ሁለተኛው ካፒቴን ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ጫሞ ላይ ጀልባና ዓሣ የሚጭን ፒክአፕ ስላለው ነው ካፒቴን የምንለው። እሱ ደግሞ ለቤቱ ወጥ ቤት ክረምቱን ሙሉ ዓሣ አቀርባለሁ ብሎ አሸነፈ። መኪናዋን አያት። እኔ በልቤ፣ ካፒቴን፣ በእናትህ፣ ወንድ ሁን እላለሁ። ካፒቴን ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኔም ከአቶ ማሴቦ አላንስም፣ መልሼ ሰጥቻለሁ! አለ። እልልታ። መኪናዋ እንደ ክርስትና ሕፃን ከእቅፍ እቅፍ ዞራ እናቷ ዘንድ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥሩ ዕቃ አንዴ ይሸጥና ያልቃል፤ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ግን ቀኑን ሙሉ ድሃ ሲመግብ ይውላል። ጣሪያው እየተሠራ ነበር፣ ወጥ ቤቱ እየሞላ ነበር፣ የእኔ ክፍል ብቻ ባዶ አልሆን አለ። አስቴርን ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ጠቁሯል። ማንጎ ሥር የቆመው አልጋ ትዝ አለኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ሦስተኛውን ጀመሩ። አቶ ማሴቦ እልልታው ጥሞት እንደገና እጁን አወጣ።

በዚህ መሃል እማማ ሻሼ ተነሱ። እንዝርታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሰኩና ከትከሻቸው ላይ ቡሉኮአቸውን አወረዱ። ያን ቡሉኮ የማያውቅ ዘመድ የለም። ጥጡን እሳቸው ፈትለውት ባላቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የሸመኑት ነው፤ እሱን ሸምነው ሲጨርሱ ከሽመና ጉድጓዱ ወጥተው አልተመለሱም። በአርባ ምንጭ ሙቀት እንኳ አይለዩትም። በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ "እኔ ይህን ሰጠሁ" አሉ።

የአቶ ማሴቦ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። በእናት ላይ ዋጋ አይጨመርም አለ። ካፒቴንም አንገቱን ደፋ። ጋሽ ጴጥሮስ እንኳ፣ ያ ድምፅ፣ ሹክ እንደ ማለት ብለው ነው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያሉት።

እኔ ግን ውስጤ ፈነጠዘ። ለምን እንደ ሆነ ገብቷችኋል? እማማ መኪና ምን ያደርግላቸዋል? ኦቾሎ ዳገት ላይ ሊነዷት ነው? እሳቸውም መልሼ ሰጥቻለሁ ይላሉ፣ ከዚያ በአማቴ ፊት የሚያፍር አንዱ ጨዋ ይወስዳታል ብዬ ነው። እማማ ግን ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛን የተማሩት ፈትላቸውን ሲሸጡ ገበያ ላይ ስለ ሆነ አንዳንዴ "አንቺ" ይሉኛል፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ አሉ፦

"መኪናውን ለልጄ ሰጠሁ። ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

ጉድ በሉ! እልልታው ከቅድሙ በለጠ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሲስተር ብርሃኔ፣ እንዲህ ያለች አማት ለማን ተሰጥታለች ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አስቴር ግን አላጨበጨበችም። እናቷን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። ምንም አላለችም።

የአማትን ስጦታ በሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? አይባልም። እማማን ከጎኔ አስገብቼ ሞተር አስነሳሁ፤ አልነሳም አለ። ሽቅብ መሆኑን አውቃለች መሰለኝ። ካፒቴን ፒክአፑን አምጥቶ በዓሣ ማስገሪያ ገመድ ጎተተን። ዳገቱ ሲከብድ ሰዉ ከኋላ መግፋት ጀመረ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ባይ ከገፊዎቹ መሃል ማን ቢኖር ጥሩ ነው? አስቴር! የገዛ እናቷንና የገዛ ባሏን፣ በጠላችው መኪና ጭና ዳገት ትገፋለች። ፊቷን ላለማየት መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት።

እማማ ሻሼ ተጋድመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በመስኮቱ አባያን ያያሉ። የዓሣው ሽታ ይመጣል። እኔም፣ እማማ፣ ምን አደረጉ፣ ያ ቡሉኮ እኮ የባልዎ የእጅ ሥራ ነው፣ ለእኔ እንባ ብለው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል ወይ አልኳቸው። እማማ ወደ ኋላ ገልመጥ አሉ፤ አስቴር እንደማትሰማ አረጋገጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ስሚ፣ ልጄ" አሉኝ። "እንባህንም አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ቡሉኮውን ባሌ የሠራው ኦቾሎ ላይ እንዳይበርደኝ ነው። ኦቾሎ ከሌለሁ ቡሉኮ ምን ያደርግልኛል? እዚያ ስወድቅ ያነሳኝ ሰው ስሜን እየጠራ ነው ያነሳኝ። እዚህ በር ዘግታችሁ ትውላላችሁ። ለልጄ እምቢ ማለት አልችልም፣ ታለቅስብኛለች። አንተ መኪናህን ጠብቅ። በደንብ ጠብቅ። ቦታ እንዳትለቅ።"

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። ዓሣ ጎርጓሪ አዞ ያወጣል ማለት ይሄኔ ነው! እኔ ልስጣት ስባዝን እሳቸው ለካ ስንት ጊዜ "እሺ" እያሉ መውጫ ሲፈልጉ ነበር። ከማላውቀው ደልዳላ መንገድ የማውቀው፣ የወደቅሁበት መንገድ ይሻለኛል ብለው ሲጨምሩ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ምን ልበላቸው? እኔም "እሺ" አልኳቸው። የእኔ ግን የእውነት ነበር።

እንግዲህ ሁሉም የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ ክረምቱ ሳይገባ ተከደነ፤ አባባ ቶማስ የዓሣ ሾርባ እየጠጡ መኪናዋን ይመርቃሉ አሉ። ቡሉኮው በዚያው ቀን ለጨረታ ቀርቦ አቶ ማሴቦ በሌላ ሙዝ አሸንፎት፣ የእናት ቡሉኮ ለብሼ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ወደ ኦቾሎ መለሰላቸው። አልጋውም በሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ኦቾሎ ወጣ። የእማማ የወንድም ልጅ ከነሚስቱ አጠገባቸው ቤት ሠርቷል፤ አስቴርም ይህን ካየች በኋላ ትንሽ ትንሽ እህል መቅመስ ጀምራለች። እኔ ደግሞ መኪናዬን አገኘሁ። ተመልሳ ክፍሏ ውስጥ ቆማለች።

አስቴር አንዳንድ ጠዋት፣ ያቺን ነገር ለማን ነው የምትሰጣት ትለኛለች። እኔም ኮራ ብዬ፣ የእናትሽን ስጦታ ለማን ልስጥ፣ ነውር አይደለም ወይ እላታለሁ። አፏን ትይዛለች። የቀረውን ሆድ ይፍጀው። እናንተም አደራችሁን፤ ሴቻ ብትመጡ እንዳታነሱባት።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከኦቾሎ በሚወርደው ሚኒባስ ላይ አንድ ጆንያ ይመጣልኛል፤ ድንች፣ ገብስ፣ አንዳንዴ ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ። "ለአማቼ" ተብሎ ነው የሚላከው። አስቴር ስትፈታው ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ እናቴ እንዴት ብትወድህ ነው ትለኛለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ያ አስጎብኚ ደወለልኝ። የተንበረከከው ቱሪስት ረስቶኝ አልነበረም፤ መኪናዋን በመስታወት ውስጥ ሊያኖራት የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል፣ ራሱ መጥቶ ይወስዳታል አለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ለአስቴር አልነገርኳትም። ኦቾሎ ደወልኩና ለእማማ ሻሼ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ መኪናዋን የሚፈልጋት ሰው መጥቷል አልኳቸው። እሳቸውም "እሺ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

በቅዳሜው ሚኒባሱ መጣ። ጆንያው ወረደ። ከጆንያው ቀጥሎ፣ ቀንዱ ጥምዝ፣ ላቱ እንደ ትራስ የሚያክል፣ ነጭ በግ ወረደ። አስቴር እልል ብላ፣ ኧረ እናቴ፣ ኧረ ይህን ያህል ምን አድርገህላት ነው እያለች አለቀሰች። በጉን የት እንሰረው ስትለኝ ወደ ሰርቪሱ ወስጄ ከቀይዋ የፊት መከላከያ ብረት ላይ አሰርኩት፤ ለአስጎብኚውም ያኔውኑ ደውዬ አትሸጥም አልኩት። ሰው በአማቱ ፍቅር ይመካል፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። እማማ የክፍሉን ኪራይ ጨምረዋል።